ውል

ጋሽ ሽመክት ሞንታርቦ ያከራይ ነበር፣
ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከአንዲት ቆርቆሮ በር።
እኔ ገመድ ሰብሳቢ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሠርግ ማታ
ክርኔ ላይ ስጠመጥም አየኝና ጮኸ በቁጣ፦

«ማግ መሰለሽ እንዴ? ተይ እንጂ፣ አይሆንም።
ውስጡ መዳብ ነው ይሄ፤ ቂም ይይዛል፣ አይረሳም።
ዛሬ በግድ ያጠፍሽው፣ ጠምዝዘሽ ያሳደርሽው፣
ነገ ሽማግሌ ሊመርቅ ሲል ‹ችር› ብሎ ዝም ይላል፤ ያኔ ምን ልትዪው?

ግራ እጅሽን ዘርጊ፤ እንደ እንግዳ ተቀበዪው።
አንዱን ዙር እንዳመጣጡ፤ ቀጣዩን አንጓሽን ገልብጠሽ ከሥር አስገቢው።
አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር፤
የሰጠሽውን ጥምዝ መልሰሽ ውሰጂለት፣ ያለ ዕዳ እንዲያድር።»

«ስፋቱስ?»
«የሚኒባስ መሪ ያህል። ከዚያ ካነሰ ይታመማል፣
ከበለጠ ሚስማሩ ላይ እንደ ሰካራም ይንዘላዘላል።»

ከካላማዳሪ የቆረጠው ማሰሪያ ነበረው፣ በኪሱ ሙሉ፤
«ላላ አድርጊና እሰሪው፤ ታንቆ ያደረ አይዘፍንም» ነበር ቃሉ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሜክሲኮ አጠገብ አንድ አዳራሽ፣
ወለሉ በቢራ ተጨማልቆ፣ የሙሽራዋ አጎት ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣
ኑረዲን አይሱዙውን አስነስቶ ጥሩምባ እየነፋ፣
እኔን እንቅልፍ እያዳፋ፣
እጄ ብቻ ነቅቶ፦
አንዴ ከላይ። አንዴ ከሥር።

አርባ ሦስት ጥቅል፣ አርባ ሦስት ሚስማር።
ቀይ ፕላስተር ለአሥር ሜትር፣ ሰማያዊ ለሃያ።
ጫፉን ይዘሽ ስትወረውሪው እስከ አስፋልቱ ይሮጣል፤
አይቋጠርም፣ አያኮርፍም።

ከበሩ ጀርባ ግን አንድ ጆንያ ነበር፤
አፉ ያልታሰረ፣ ውስጡ አንጀት የመሰለ ጥቁር ነገር።
«እሱን አትንኪ» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ምክንያቱን የነገረኝ ኑረዲን ነው፣ ማርሽ እየቀየረ፦
ካዛንቺስ ምርቃት ላይ ሳሉ ስልክ ተደወለ።
ወርቅያንጥፉ ጥቁር አንበሳ ገብታለች።
ሃምሳውን ሜትር እንዳለ ጠቅጥቆ በረረ፤
ሲደርስ
አልጋው አንሶላ ተቀይሮለት ነበረ።

ከዚያ ዘንድሮ፣ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ፦
«የኪራይ ውሉ ተቋርጧል።» ሦስት ቀን ተሰጠን።
ቆርቆሮው ላይ ቀይ ቀለም፤ ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ፣
የጠፋ ደረሰኝ፣ የጠፋ ማኅተም፣ ያልተከፈለ የመብራት ሂሳብ፤
በዚያ ሁሉ ትርምስ ገመዶቹ ብቻ
ከየሚስማራቸው እንደ ጨዋ ልጅ ወረዱ። አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ጆንያው ቀረ።
ጋሽ ሽመክት የእግረኛ መንገዱ ላይ ሞንታርቦ አስተኝቶ ተቀመጠ።
«ፍቺልኝ» አለ። «ዓይኔ ውሉን አያይም፤
አንዱ ውል ተቋረጠ፣ ይሄኛው እንኳ ይገኝ።»
ስስበው ደግሞ፦ «ኧረ አትጎትቺ!
የተቋጠረ ነገር የሚጠብቀው ሲጎትቱት ነው።
አላዪው። አየር ስጪው። ጫፉ ራሱ ይመጣል።»

ከምሳ በኋላ ጀምሬ የመንገዱ መብራት በራ።
አላፊው በላያችን ተራመደ፤ አንዷ «ስንት ነው ሜትሩ?» አለች።
ሊያፈርስ የመጣ አንድ ጎረምሳ፣ ዲጂኖውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣
ሳንጠይቀው አንዱን ጎን ያዘልኝ።

መሐሉ ላይ፣ ከቋጠሮው ሁሉ ውስጥ፣
ማይኩ ወጣ። ከነካው ሳይነቀል የተወረወረ፣
ወንፊቱ የዛገ።

ጋሽ ሽመክት ተቀበለኝ። እንደ ልማዱ እፍ አለበት።
«አንድ፣ ሁለት» ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።
አላለም።

ገመዱን ራሱ ጠቀለለ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር፣ ሃምሳውን ሜትር በሙሉ፣
አንድ ቦታ ተሳስቶ እንደገና ከመጀመሪያው።
ሲጨርስ ኪሱን ዳበሰ፤ ማሰሪያ የለም፤ አልቋል።

ጎንበስ አለ። የግራ ጫማውን ክር መዘዘ፣
ላላ አድርጎ አሰረውና
በአንድ የተፈታ ጫማ እየጎተተ
ወደ አይሱዙው ሄደ።