አልጸደቀም

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤ ሻርጃ፣ ከሮላ ማዶ፣
በነሐሴ ወበቅ፣ አስፋልቱ ቀልጦ ነዶ፣
ከረባቱን አጥብቆ፣ ጫማውን ወልውሎ፣
ከሱቄ ደጅ ይቆማል፣ «ይፈቀድልኛል?» ብሎ።

መጋት ኸይሩዲን ነው፣ የማላያ ሰው፣
ፔራክ በሚሉት ወንዝ ዳር የተወለደው።
ዘጠና አንድ ዓመቱ። ልጁ ባንክ ይሠራል፤
አባት በልጁ ስም፣ በጥገኛ ቪዛ ያድራል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ፎርም ሞልቼ አዳሪ፣
በገጽ አሥር ድርሃም፣ ለዲዳ ተናጋሪ።
አባቴም ደሴ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
ጃንጥላ ዘርግቶ አቤቱታ ይጽፍ ነበር።
ከሱ ተምሬ ነው፣ ገና ሲገባ ሰው፣
ጉዳዩን ከጉዱ አበጥሬ የምለየው።
ሽማግሌው ብቻ ግራ አጋባኝ።

እንግሊዝ ባቆመው አዳሪ ትምህርት ቤት፣
ላቲን ቀመሰ፤ ክሪኬት፤ ሾርባ ሳያሰሙ መጠጣት።
ነገሥታታቸውን እስከ ዛሬ በተራ ይቆጥራል፤
የአያቱን አባት ስም ሲጠይቁት ግን ያስባል።
በሃያ ስምንቱ ወረዳ ሰጡት፤ ብስክሌት፣ ማኅተም፣
ነጭ ቁምጣ፣ ካልሲ እስከ ጉልበት፣ አረንጓዴ ቀለም።
(ቀዩ የነጩ ሹም ነው፤ ለሱ አልተፈቀደም።)

«እዚህም ነበሩ» ይላል፣ ካራክ ሻይ ሲቀርብለት፣
«አውሮፕላናቸው ያርፍ ነበር፣ ያ መንገድ ካለበት።
ሲሄዱ ለኛ ቁልፍ ሰጡን፤ ደረሰኝ ግን የለም።»
ሳቀ። ጥርሱ የራሱ ነው፤ ሳቁ ግን አይመስለኝም።

የሚያጽፈኝ ደብዳቤ አንድ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ያው፤
ኮማ ያነሳል እንጂ ነገሩን አይነካው፦

«ጉዳዩ፦ ሊጃህ የተባለች፣ ባሏ የሞተባት፣
የሩዝ ማሳዋን ወንዝ በልቶት፣ ምትክ እንዲሰጣት
ያቀረበችው ማመልከቻ። ተመልክቼዋለሁ።
ከኅዳጉ ላይ አንዲት ቃል አስፍሬያለሁ።»

ቃሏን በእንግሊዝኛ ይላታል፣ እንደሚዘጋ መሳቢያ።
እኔ በልቤ ወደ አባቴ ቋንቋ መለስኳት፦

አልጸደቀም።

«በኛ ዘንድ» አልኩት አንድ ቀን፣ «ይህች ቃል ሦስት በር አላት፤
ባለጉዳይ ባንዱ፣ ፋይሉን አቅፎ ይገባባት፤
በሁለተኛው ገበሬ፣ ችግኙ የደረቀበት፤
ሦስተኛው በር ላይ ነፍስ ቆማለች፣
ወረቀት የላትም፣ ተራ ትጠብቃለች።»
ይህን ሁሉ ያልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ።
መነጽሩን አወለቀ። ቆየ።
«ጥሩ ቋንቋ ነው» አለ፣ «ለቢሮ ግን አደገኛ።»

ኋላ፣ ሳልጠይቀው፦
«ሹሙ ነብር አደን ነበር፤ ማኅተሙ እኔ እጅ።
ማጽደቅ እችል ነበር። ምን ይለኛል ብዬ እንጂ።»

ዛሬ ሐሙስ አይደለም። ማክሰኞ ነው። መጣ።
የራሱን ወረቀት ከፖስታ አወጣ፦
የመኖሪያ እድሳት። ዕድሜ፣ ኢንሹራንስ፣ አንድ የጎደለ ነገር፤
ልጅ እግር ጸሐፊ አንዲት ቃል ጥሎበት ነበር።
በቀይ።
ትኩር ብሎ አየው። አልተማረረም።
«ቀን አልጻፈበትም» አለ። «ይኼ አሠራር አይደለም።»

ከዚያም ተቀመጠ። «የሊጃህን አምጣው።
ከላይ ያለው አድራሻ ስህተት ነው፤ አውጣው።
ለሹሙ አይደለም።» «ታዲያ ለማን ልበል?»
«ለሊጃህ። ከታችም፣ እንደ ደንቡ፣ ‹ታዛዥ አገልጋይሽ› በል።»

መታሁት። ፈረመ። በአረንጓዴ።
አሥር ድርሃም ቆጥሮ ደረሰኝ ጠየቀኝ።
በአማርኛ ጻፍኩለት፦
ደረሰኝ።