ቤት መምታት

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ አራት ኪሎ።
ዘበኛው ጋሽ ደምስ «ዛሬም መጣችሁ?» ብሎ
ዘጠነኛ «ለ»ን ይከፍትልናል።
የትናንት ፊዚክስ ሰሌዳው ላይ አለ፣ «አይጥፋ» ተብሎበታል፤
ቀስቶቹን አልፌ፣ ከጥጉ፣ በስባሪ ጠመኔ
«የፈጠራ ጽሑፍ» ብዬ እጽፋለሁ እኔ።

አሥራ አንድ ናቸው። ደብተር የያዘ አለ፣ የያዘም ብስኩት፤
አንዱን «ከስልክ ይሻላል» ብላ የላከችው እናቱ ናት።
ሕጌ አንድ ነው፦ ጨረቃ ክልክል ናት።
ጽጌረዳም። ወርቃማ ጀምበርም። የእንባ ጎርፍም፣ ጉንጭ ላይ የሚወርድ።
አቤኔዘር ቅር አለው፤ ሦስት ጨረቃ ይዞ ነበር የመጣው፣
ለማን እንደሆነ ትቅደም ሳታውቅ አትቀርም፣ አንገቷን ደፋች።

«ኪሳችሁን ፈትሹ። ያገኛችሁትን ጻፉ።»
ኬና አንድ አምስት ብር አወጣ፣ በፕላስተር የተጣበቀ።
ከትምህርት መልስ ረዳት ነው፣ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ፤
ግጥሙንም ቆሞ ተጣራው፣ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፦
«ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሰው የቀረው!
አንድ ሰው ሲገባም፣ አንድ ሰው የቀረው፣
እስኪመሽም ድረስ፣ አንድ ሰው የቀረው።»
ሳቁ። እኔ ግን በመስኮት ወደ መንገዱ አየሁ፣
ያ ሰው ማን እንደሆነ ልለየው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ቤት አወራሁ።
«ግጥም ቤት ይመታል» አልኩ፣ ሰሌዳውን በጠመኔ እየመታሁ፤
«አንዱ ስንኝ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል፣ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ፤
ቤት የመታ አይረሳም፣ የቀደሙት እንደሚሉ።»
ዘኪያ እጇን አወጣች።
ሁለት ሳምንት ትንፍሽ ያላለችው ዘኪያ።
«ቲቸር፣ የኛን ቤት የመታው ዶዘር ነው፣ በጠዋት።
እሱም ግጥም ነው?»

ከታች፣ አደባባዩ ጋ፣ አንድ አውቶቡስ በረዥሙ ተነፈሰ።

እሪ በከንቱ ነበሩ። አርባ ዓመት በታክሲ ሳልፍ
ስሙ ውስጥ ጩኸት መኖሩን ልብ ብዬ አላውቅም።
አሁን ከአራብሳ ነው የምትመጣው፣ በሁለት አውቶቡስ፣
ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ፣ ጫማዋን መንገድ ላይ እያሰረች፣
ለአንድ ሰዓት ተኩል ጽሑፍ።
«እሺ» አልኩ፣ አፌ ደርቆ፣ «የቤት ሥራ። ስለ ቤት ጻፉ።»
ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው፤ ቃላት እንዲህ ናቸው፣ ሲከፉ።

በአራተኛው ቅዳሜ ወረቀቷን ሰጠችኝ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
በእርሳስ ተጽፎ፣ በላጲስ የጎደፈ።
የመጀመሪያው መስመር፦ «ቤታችን ፈረስ።»
ቀይ እስክሪብቶዬን መዘዝኩ፣ ሳድሷን ወደ ግዕዝ ልመልስ፤
«ፈረሰ» ነው፣ የኔ እመቤት፣ ልል ስል፣ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ፦

«ቤታችን ፈረስ።
ቁጥሩን ግንባሩ ላይ እንደለጠፈ
ሌሊት ልጓሙን በጥሶ ሄደ።
አባቴ ኮርቻውን ታቅፎ ቀረ፣ የቆርቆሮውን በር፤
አራብሳ ድረስ በእግሩ ፈለገው።
እኔ ፒያሳ ስወርድ አንዳንዴ
ከአዲሱ አስፋልት ሥር ኮቴውን እሰማለሁ፣
ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።»

እስክሪብቶዬን ከደንኩት።
ተሳስታ ይሁን አውቃ፣ አልጠየቅኳትም።

«ቲቸር፣ ቤት አልመታም፣ አይደል?»
«አልመታም።»
«ይሁን» አለች፣ ወረቀቷን መልሳ እያጠፈች፣ «አንዴ ተመትቷል።»

ጋሽ ደምስ በቁልፉ በሩን ቆረቆረ። ሰዓት ሞልቷል።
ፊዚክሱ እንዳለ ነው፣ ቀስቶቹ ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ።
ኬና ከደረጃው ሥር ይጣራል፦
«አራብሳ፣ አራብሳ፣ አንድ ሰው የቀረው!»
ዘኪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች፣
እየሳቀች ወረደች።