ብታወጣው አይጎድልም

ሰኔ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው፣
የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቀው፣
መምህር አራጋው ሙሄ ድምፃቸውን ከፍ አርገው፣
ከስም እስከ መስተዋድድ ያለውን ሁሉ ጠርገው፣
ከሰሌዳው ጥግ፣ ጠመኔው አልቆ ጥፍር ሊፍቅ ሲል፣
«ቃለ አጋኖ» ብለው ጻፉ፣ ለወጉ ያህል።

«ውይ፣ እሰይ፣ ኧረ፣ ዋ… እነዚህ እንግዶች ናቸው፤
ከዓረፍተ ነገሩ ደጅ የቆሙ፣ ዘመድ የሌላቸው።
ብታወጣው ምንም አይጎድል፤ ፈተና ላይም አይመጣም።»
ደወል ተደወለ። ማንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቃቸውም።
እኔ «እሰይ!» ብዬ በመስኮት ዘለልኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሄደ። መሪ ጨበጥኩ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ፣
ሐረጎን ቁልቁል፣ ሐረጎን ሽቅብ፣ ያንኑ ጥምዝምዝ ብቻ።
እሳቸውን አንድ ማለዳ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ፣
ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ቃላቱም አብረው በረሩ።

«ውሃ» ሄደ። የልጃቸው ስም ሄደ።
ግስ ከነእርባታው ጓዙን ጠቅልሎ ተሰደደ።
የቀሩት እነዚያ ደጅ የቆሙት ናቸው፤
ውጪ ያደሩት እንግዶች ገብተው አስታመሟቸው።

ራውዳ፣ ልጃቸው፣ መዝገበ ቃላት ጀመረች፣ በጆሮ፦
ወደ ላይ የተሳበ «እንዴ» ሻይ ነው። የወደቀ «እንዴ» የወገብ ሮሮ።
«ኡፍ» ብርድ ልብሱ ከብዷል። «ኤዲያ» ራዲዮውን ዝጉ።
«ኧረ»፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ወጉ፣
እሱን ለሰው አትተረጉምም።
እናቷን ነው።

ማክሰኞና ዓርብ ለሕክምና አወርዳቸዋለሁ፣ ጋቢና አስቀምጬ።
ራውዳ ሒሳብ ትዘረጋለች፤ እኔ «ኤጭ!» እላለሁ፣ ዓይኔን አፍጥጬ።
ባለፈው ዓርብ ጉሙ መንገዱን ጠጥቶታል።
አሥራ ሁለት ሰው ጭኛለሁ፤ የቀረውን ትራፊክ ባይሰማ ይሻላል።
ወሬው ደርቷል፦ የሽንኩርት ዋጋ፣ የመብራት ፈረቃ፣
አንዱ በስልክ ወንድሙን ይከሳል፣ ያለ አራት ነጥብ፣ ያለ በቃ፣

ከመታጠፊያው መብራት ያላበራ ሲኖትራክ። በእኛው በኩል።

ወሬው ተበጠሰ። ስም የለም። ግስ የለም። ባለቤት የለም።
«ውይ!» «ያ ረቢ!» «ዋ! ዋ!» «በስመ አብ!» «እማዬ!»
የባቲዋ ሴት «ዋዮ!»
ባለስልኩ አፉን ከፍቶ፣ ምንም።
የእኔም ቋንቋ፣ መሪ የያዝኩት ሰውዬ፣ «ኤኤኤ!» ነበረ።
ፍሬኑ ነከሰ። ጎማው የራሱን ጮኸ።
ሲኖትራኩ በክንድ ርቀት አልፎን ጉም ውስጥ ተቀበረ።

ቆምን።
ከኋላ ወንበር አንድ «እፎይ» ተነሣ፣
እጅ በእጅ ተቀባበልነው ወደ ፊት፣ እንደ ሒሳብ፣
ሳይጎድል፣ ያለ መልስ፣
መምህር አራጋው ዘንድ እስኪደርስ።

በደህናው ጎን ዞረው አዩን፣ አንድ በአንድ፣
ስም እንደሚጠሩ፣ ማን ቀረ እንደሚሉ።
አፋቸው ጠመመ፤ መሳቃቸው ነው። «እንዴ!» አሉ። «እንዴ… እንዴ!»
ሻይም አይደለም፣ ወገብም አይደለም።
ራውዳን አየኋት። «እኔ እንጃ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ማርሽ አስገባሁ። ቁልቁለቱ ሳያልቅ ሽንኩርቱ ተመለሰ፣
ባለስልኩ «ምን ነበር ያልኩህ?» ብሎ ክሱን ቀጠለ።
እሳቸው ብቻ እዚያው መታጠፊያ ላይ ቀሩ፤
እኛ ሁላችን ለአንድ አፍታ በጎበኘነው አገር።

ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። ደግፌ ሳወርዳቸው ጠጋ ብዬ፣
«መምህር፣ ያ ነገር ፈተና ላይ መጣ» አልኩ፣ እንደ ልጅ ፈርቼ።
በደህናው እጃቸው ጆሮዬን ያዙኝ፣ እንደ ድሮው።
«ዋ!» አሉኝ።
ለፍጥነቴ ይሁን ለመልሴ፣
ይኸው ስንት ቀኔ፣
ሐረጎን ስወጣም ስወርድም አልለየሁትም።