አራት ክንፍ በዳቦ ከረጢት

ሆግኒ በዝናብ መጣ፣ ጫማውን ከበር ጥሎ፣
አራት ክንፍ በዳቦ ከረጢት አንጠልጥሎ።
«አክስቴ፣ ገደሉ ፈላ! እንደ ገንፎ ተንተከተከ፤
የጠፋች በግ ልፈልግ ድሮን ባስነሳ፣ ምስሉ ሁሉ ታወከ።
ነፋሱን ረገምኩት፤ እሱ በማግስቱ ተኛ፤
ካሜራውን ፈታሁ ገጠምኩ፤ እሱም አይደል ጥፋተኛ።
ለካ ነገሩ ከነዚህ ነው፣ ከሚዞሩት ከአራቱ፤
አንደኛው ጎን ይከብዳል፣ በዓይን አይለይም ክብደቱ።»

በፋሮ ደሴቶች ሰሜን፣ ሣር በለበሰ ጣሪያ ሥር፣
ማርዩን መነጽሯን ወለወለች፣ ምንም ሳትናገር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዓሣ ፋብሪካው ሚዛን
ፊት ቆማ ስትመዝን ኖራ፣ ጣቷ ያውቀዋል ግራሙን፤
ሚዛኑ የሳተ ለታ፣ አለቃው የሚጠራ እሷን።
ክንፉን ከመዳፏ አኖረች፤ ዓይኗን ከደነች፤ «ይሄኛው፣
የግራው። የአንዲት ሽፋሽፍት ትርፍ ናት ገደል የምታናውጠው።»

ሆግኒ ግን የዘመኑ ልጅ፣ ማመን የሚሻ በዓይኑ፤
ሁለት ማግኔት፣ አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ይኸው ነበር ሚዛኑ።
«መስኮቱን ዝጋ» አለችው።
«ማሞቂያውንም አጥፋው።
ትንፋሽህንም ያዘው።»
ክንፉ ዘንጉ ላይ ዋለለ፤ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ
ግራው አዘቀዘቀ፣
እንደሚያንቀላፋ ሽማግሌ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ።

ልጁ የብርጭቆ ወረቀት አነሳ፣ የከበደውን ሊፍቅ።
እጁን ያዘችው። «ተው። የተፋቀ አይመለስም፣ እወቅ።
የቀለለው ላይ ጨምር፤
ጨምሮ የሳተ ይጠርጋል፤
ቀንሶ የሳተ ምን ያደርጋል?»

ፕላስተር ቢለጥፉ፣ ዝናቡ ይልጠዋል ነገ።
ማርዩን መሳቢያ ከፈተች፤ እጇ ከክሩ ሥር ፈለገ፤
አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ አወጣች፤ የጥፍር ቀለም፣ ቀይ፣
አንገቷ ላይ የደረቀ፣ ሰባት ዓመት ብርሃን ሳያይ።
የሶልሩን ነበር። በሩን አላትማ የወጣች ለት
ረስታው ይሁን ትታው፣ እናቷ ዛሬም አልገባት።
አሁን ኦርሁስ ናት ልጅቷ፤ ለገና ካርድ ትልካለች፣
ከስሟ በቀር ባዶ።
ማርዩን አንዱንም አልጣለች።
ሆግኒ ቀለሙን አወቀው። አልጠየቀም።

ጠርሙሷን ሙቅ ውሃ ነከረች፤ ክዳኑ ጮሆ ተላቀቀ።
አንድ ነጥብ በቀኝ ጫፍ፤ ጠበቁ፤ ግራው ዳግም አዘቀዘቀ።
ሌላ ነጥብ። በዛ፤ አሁን ቀኙ ወረደ። ጠረገችው።
ግማሽ ነጥብ። ሩብ። እንደ ሕፃን ጥፍር እፍ አለችው፤
ክንፉ ባስቀመጡት ቀረ፣ አግድም፣ ወዴትም ሳያደላ።
«አለቀ» አለ ሆግኒ። «አላለቀም፤ አቁመው፣ ይፈተን በሌላ፤
ተኝቶ ልክ የሆነ ሁሉ፣ ቆሞ ልክ አይደለም።»
ቢያቆሙት በጎኑ ወደቀ፤ እምብርቱ እኩል አልነበረም።
እምብርቱንም ቀባችው፤ አንዱ አለቀ፣ ሦስት ቀረ።
አራተኛው ሲያልቅ ጠርሙሷ ባዶ፣ ሌሊቱም ተጋምሶ ነበረ።

በጧት፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ትናንት ቁጡ ተርብ የነበረው ድምፅ፣ ዛሬ እንደ ክር ቀጠነ።
ስክሪኑ ላይ ድንጋዩ ድንጋይ፣ ሣሩም መልሶ ሣር ሆነ፤
እዚያ፣ ከባሕሩ በላይ ባለች አንዲት እርከን ጥግ፣
ተለጥፋ የጠፋችው በግ፤
ከሆዷ ሥር ደግሞ ማንም ያልቆጠረው ግልገል።
ሆግኒ «ሁለት ናቸው! ገመድ! ሰው ጥሪ!» ሲል፣
ማርዩን ስክሪኑን አላየችም። ከራሷ በላይ ቀና ብላ
አራት ቀይ ቀለበት አየች፤ ግራጫው ሰማይ በነሱ ሞላ።

ማታ ስልክ አነሳች። ሦስት ጊዜ ጠራ።
«እኔ ነኝ። ያ ቀዩ የጥፍር ቀለምሽ፣ ስሙ ማን ነበር?
አልቆብኝ ነው።»
ከማዶ ዝም አለ፤ ሰው መኖሩን የሚናገር ዝምታ።
ማርዩን መስኮቱን ዘጋች።
ማሞቂያውን አጠፋች።
ትንፋሿን ያዘች።