ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው ቃለ ጉባኤ ስይዝ፣
በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቃል ሲሞቅ፣ ቃል ሲፈዝ።

ያን ማክሰኞ ምሽት፣ የሚሺጋን ሐይቅ በረዶ ለብሶ፣
የኩባንያው ሰው ገባ፣ ጫማው ላይ ጨው ደርቆ፣ ፈገግታው ታድሶ።
«የፍሪጅ በር ላስቲክ እንሠራለን» አለ፣
«አራት መቶ ሥራ በእጃችን ላይ አለ፤
አሥራ ሁለት ዓመት ግብር ማሩን ብቻ፤
እንቢ ካላችሁማ፣ ኢንዲያና ውስጥ አለ የእናንተው አቻ።»

ከንቲባ ሆክስትራ ራሱን ነቀነቀ፤
ምርጫው በኅዳር ነው፣ የሪባኑ መቀስ እጁን ናፈቀ።

ቀጥሎ ሎሬታ፣ የሕፃናት መምህር፣
ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ቆመች ማይኩ ሥር፦
«የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ማሞቂያው ከሞተ ሰነበተ፤
አሥራ ስምንቱ ልጅ ኮት ለብሶ ይማራል፤
የአርባ አንዱ ወረፋ እንደቆመ ሸበተ።
ከምትምሩት ግብር አሥራቱን ስጡኝ፤
ትርፉን በሃያ ዓመት ኑና ጠይቁኝ።»

ሃያ ዓመት! ሳቅ ተሰማ ከኋላ ወንበር፤
እዚህ ቤት ሩቅ ማለት የሚቀጥለው በጀት ነበር።

«ልጅም እኮ ይሄዳል» አለ ዳሪል፣ የባንኩ ሰው፣
«አስተምረን አስተምረን ቺካጎን ነው የምናለብሰው።»
እውነቱን ነው። የእኔም ሁለቱ ሄደዋል። እጄ ቢከብደኝም ጻፍኩት፤
ነጥቡን ግን ጠንከር አርጌ ቁልፉ ላይ ደበደብኩት።

ከዚያ ኦርቪል ተነሣ፣ መጭመቂያ በልቶት ሁለት ጣት የጎደለው፦
«ልጅ ቢሄድ ይደውላል፤ ፋብሪካ ሄዶ ማን ነው የደወለው?
ያኛውም እንዲሁ ነበር፣ ላሟን በሰማይ አሳየን፤
ምሕረቱ ባለቀ በወሩ ማሽኑን ነቅሎ ተለየን።
የቀረልን አስፋልት ነው፣ ስንጥቁ ሣር ያበቀለ፤
የእኔ ቁጥር፣ ስልሳ ሁለት፣
ከመኪና ማቆሚያው ላይ፣ በነጭ ቀለም፣ እስከ ዛሬ አለ።
እኔ ልጆቹን እጠላለሁ፣ ይጮኻሉ፣ ጎረቤቴ ናቸው፤
ግን ...»

ሦስት ደቂቃው አለቀ። ደወሉን ደወልኩ። ሥራዬ ነው።

«የምትደግፉ፣ እጅ!» ተባለ።
ከኋላ፣ ከእናቷ ጭን ላይ፣
የአራት ዓመቷ ዊላ
ከዚያ ከቀዝቃዛው ምድር ቤት ያመጣችውን
ጮክ ብላ ጀመረች፦ አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
አዳራሹ ጸጥ አለ።
አንድ እጅ፣ ግማሽ የወጣ፣ ትከሻ አጠገብ ቆሟል።
የዳሪል ነው። ጣቷን ወደ እሱ ዘርግታ
ጠበቀችው።
ወጣ።
አምስት።

አጨበጨቡላት፤ በደንብ ቆጥራለችና።
«አምስት ለሁለት፣ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ፤
ስሟን አልጻፍኩም፣ ለቆጣሪ ቦታ የለምና።

ወደ ቤት ስነዳ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ከመሬት እኩል መብራት ታየኝ፤
ሎሬታ ናት፣ እንደ ኮቷ፣ ለነገ ወንበር የምትደረድር፣
ጉልበቴን የማይደርሱ ትንንሽ ወንበሮች።
መኪናዬን አቆምኩ። በዓመሌ ቆጠርኩ።
አሥራ ዘጠኝ።