ቀበቶ

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሻርጃ ገና ሳይነጋ፣
በነሐሴ ነው የጀመረው (እዚህ ነሐሴ ማለት በጋ)፤
ቁልፉን ሳዞር ከኮፈኑ ስር፣ ቀር-ቀር-ቀር፣ እንደ ጠጠር በጣሳ፣
በላብ ተጠምቆ ጥርሱን እንደሚያፋጭ በሽተኛ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲነሳ።

ማሪቪክ ከኋላ ወንበር፣ የነርስ ልብሷን አስተካክላ፣
«ይሄ ሳል ነው» አለችኝ፣ «አሳያት፣ ሳይብስባት ኋላ።»
ሳይቃጠል በቅጠል ልል አሰብኩና፣ መንገዱን ግራ ቀኝ ባይ፣
ቅጠል የታለ? የቆመው ሁሉ ተቃጥሎ ያለቀ፣ አሸዋና ሰማይ።

ወካላ ሄድኩ።
በሩ በራሱ ይከፈታል፣
ወለሉ ፊት ያሳያል፣ የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤
ተራ ቁጥር ተሰጠኝ፣ ቴምርና ውሃ ቀረበልኝ፣
ሸሚዙ እንደ ወረቀት የነጣ ልጅ ጎንበስ ብሎ «መዳም» አለኝ።
ስድስት ዓመት በሰው ቤት «መዳም» ስል የኖርኩ ሴት፣
ቃሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲመጣ አወቅኩ፦ ይህ ነገር ሂሳብ አለበት።

መኪናዬ ግን እዚያ ስትደርስ ምላሷን ዋጠች፣ ጭጭ፤
ሌሊት ጎረቤት የምትቀሰቅስ፣ በምስክር ፊት የማትንጫጭ።
ልጁ ጆሮውን ሳያስጠጋ ከኮምፒዩተር አገናኛት በገመድ፣
ወረቀት ወጣ፤ በወረቀት ተጻፈ የኔ ፍርድ፦
ሰንሰለቱ፣ ፓምፑ፣ መወጠሪያው፣ አንዱም ሳይቀር ይቀየር፣
አራት ሺህ ሰባት መቶ ድርሃም፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ግብር፤
ለማየቱ ብቻ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ አሁኑኑ የሚከፈል።
(የኔ ልብ ቀር-ቀር ሲል ማንም አልሰማ፤ እሱስ በስንት ይታይ ነበር ቢባል?)

ከፍዬ ወጣሁ። በነጋታው ሌሊት ምላሷ ተመለሰላት።

ያን ሰሞን ድርሃም በብር ሳባዛ፣ ስቀንስ፣ ሲጎድልብኝ፣
የአልጋ ኪራይ፣ ሙልኪያ፣ የወንድሜ ልጅ ክፍያ፣ ሁሉም ሲያንኳኳብኝ፣
ባልደረባዬ ጥሩወርቅ፣ ቫን የምትነዳ ለትምህርት ቤት፣
«ሰናእያ ሂጂ» አለችኝ፣ «ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ ሸርዛማን የሚሉት አለበት።»

ሸርዛማን፣ ጢሙ በሂና የቀላ፣ መዳፉ ዘይት የጠጣ፣
«ሌሊት ከሆነ የምትጮኸው ትደር እዚህ» አለ፤ «ድምፅ በቀጠሮ አይመጣ።»
ሲነጋ፣ ሳትሞቅ፣ የረዥሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣
እጀታውን ከጆሮው አጋጥሞ፣ እንደ ንስሐ አባት አንገቱን አዘንብሎ፣
ሰማት።
ሌላ ምንም አላደረገም፤ ሰማት።

«ቀበቶው ደህና ነው» አለ፣ በአረብኛና በጣቱ፣
«የምትወጥረው መዘውር ናት፤ ኩሽኔታዋ ደርቆ ነው መንኳኳቱ።»

ሳቅሁ። ቀበቶማ እኔ አውቃለሁ፤ በአስር ዓመት አስር ቀዳዳ
የበሳሁ፣ በየወሩ የማጠብቅ፣ ለማያልቅ የሀገር ቤት ዕዳ፤
ወጥሮ የሚይዘው ነገር ሲደርቅ፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚያንኳኳ
ማን ይነግረኛል?
ሁለታችንም አንድ በሽታ ነን፤ እሷ ጮኸች፣ እኔ ዝም አልኩ እንጂ፣ ለካ።

ከስክራፕ ግቢ አንድ ልጅ በብስክሌት ይዟት መጣ፣ በጋዜጣ እንደተጠቀለለች፣
ስልሳ ድርሃም ለዕቃዋ፣ ሰማንያ ለእጁ፤ ከረክ ሻይዋ በነፃ ነበረች።
«ዋስትናስ?» አልኩት፣ ወካላ የለመድኩትን ቃል መዝዤ፤
ካቻቢቴውን አሳየኝ፦ «ከጮኸች ነይ፤ እዚሁ ነኝ፣ ጆሮዬን ይዤ።»

አሁን በኢቲሃድ መንገድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሞተሬ ድምፅ የላትም፤
ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ በመቶ አርባ ድርሃም፣ ውድ አይደለም።
ማሪቪክ ግን ከኋላ፣ ጆሮዋን ለበሩ ሰጥታ፣
«ሌላም ነገር አለ» አለችኝ፣ «በግራ በኩል፣ ቲክ የሚል፣ በእርጋታ።»
እውነቷን ነው። ትልቁ ሲተኛ ነው ትንሹ የሚሰማው።
ሬዲዮ ልከፍት እጄን ሰደድኩ፤
መልሼ ተውኩት።
ማን ያውቃል፣ የሚለው ነገር ይኖረው።