አረፋ

ኮዬ ፈጬ፣ ወይዘሮ ትርንጎ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ቧንቧ ፈትቻለሁ፣ የሳምንቱ ውሃ መጥቶ እንደሁ ላይ።
እኛ ሰፈር ከውሃው በፊት የሚደርሰው አየር ነው፤
ቧንቧው ይስላል፣ ይተፋል፣ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤
እሱን አባርሬ ነው የምበላው፣
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አየርን ከውሃ ስለይ።

ስልኬ ጮኸ። ሲስተር የምወድሽ።
«የሶሬቲ ባለቤት?... ልጁ... አረፈ...»
የቀረውን ኔትወርኩ በላው።

መፍቻዬን እንደያዝኩ ወረድኩ። ደረጃውን አላስታውስም።
ቱሉ ዲምቱ ባጃጅ የለም፤ ጭቃ ነው፣ ጨለማ ነው፤
መፍቻው እጄ ላይ ይከብዳል፤
ልጄ ከሱ ይቀላል፣ ኪሎ ከሁለት መቶ ነው።
«የሰባት ወር ያድጋል» ያሉኝ ጎረቤቶች የት አሉ?
ስም እንኳ አላወጣንለት፤
ማን ብዬ ላልቅስለት?

በር ላይ መፍቻዬን ተቀበሉኝ፣ ጫማዬን አስወለቁኝ፣
ከበርሜል በጣሳ እየቀዱ እስከ ክርኔ አስታጠቡኝ።

ሶሬቲ ቁጭ ብላለች። አታለቅስም።
ያለበችውን ወተት፣ የማንኪያ ግማሽ፣ በሲሪንጅ ጉያዋ ይዛ።
ትንሹ ፊት ላይ ኮፍያ፣ ፕላስተር፣ ሁለት ቀጭን ቱቦ፤
ቱቦው ወርዶ፣ ወርዶ፣ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፣
ስድስት ሴንቲ፣ በእስክሪብቶ ተሰምሮ።
ውሃው ያለ እሳት ይፈላል፤
ቡልቅ። ቡልቅ። ቡልቅ።

«አረፋው ነው ያልኩህ» አለች ሲስተር፣ ዐይኗን ከጠርሙሱ ሳትነቅል፤
«ቆሞ ነበር፣ ቱቦው ከአፍንጫው ወጥቶ፤ መለስነው።
አረፋው ካለ ሳንባው አይጨመደድም።
እናትየው ስለደነገጠች ነው የደወልኩት።»

ከ«ፈ» እስከ «ፋ» አንዲት ጭረት፤
እኔ በእሷ መሃል ስንት ቦይ ዘለልኩ።

ከልማዴ ጎንበስ ብዬ መገጣጠሚያውን ፈተሽኩ፤ አያፈስም።
እጄን አየሩን ላባርር ቃጣው፤
«አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት፣ እጄን።
እንደ ቄስ ተማሪም በየቡልቅታው ቆጠርኩ፦
ፈ፣
ፉ፣
ፊ፣
ፋ።

ሊነጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፦
«ውሃው መጣ! ቧንቧውን ከፍተህ ትተህልኝ ቤቴ ባሕር ሆነ!»
«ይፍሰስ፣ እትዬ» አልኩ በሹክሹክታ፣
«እየቆጠርኩ ነው።»